«12,400 ብር ብዬ የደመርኩት እራት 15,686 ሆኖ መጣ፤ ተታልያለሁ?»

ጥያቄው ይህ ነው፦

«የጋብቻችንን 10ኛ ዓመት ለማክበር ባለቤቴን ቦሌ አካባቢ ወዳለ በባሕር ምግብ ወደሚታወቅ ውድ ሬስቶራንት ይዣት ሄድኩ። ሁለት የዓሣ ሾርባ፣ አንድ ሽሪምፕ፣ ሲ ባስ የተባለ የባሕር ዓሣ ጥብስና አንድ ሎብስተር (ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ) አዘዝን። ሎብስተሩ ሜኑው ላይ ዋጋ የለውም፤ ‹የዕለቱ ዋጋ› ይላል። ስንት ነው ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። በኋላ ሳየው 700 ግራም ተብሎ 6,300 ብር ተይዟል። ምግቡ የመጣው ከ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። ሲ ባሱ ከላይ ይፋጃል፣ መሃሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ሳህኑ ውሃ አቁሯል። ሎብስተሩ እንዴት እንደሚበላ አስተናጋጁን ብንጠይቀው ሳቅ ብሎ ሄደ። ሜኑው ላይ ካለው ዋጋ ጋር የሎብስተሩን ስደምረው 12,400 የነበረው ሒሳብ 15,686 ሆኖ መጣ። አፍሬ ቲፕም ጨምሬ ወጣሁ። ተታልያለሁ? ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

በመጀመሪያ እንኳን ለ10ኛ ዓመታችሁ አደረሳችሁ።

እኔ በሆቴል ሥራ 22 ዓመት ቆይቻለሁ። ሳህን በማንሳት ጀመርኩ። አስተናጋጅ ሆንኩ፣ ካፒቴን (የአስተናጋጆች አለቃ) ሆንኩ፣ በኋላም የምግብና መጠጥ ክፍል ኃላፊ። አሁን አስተናጋጆችን አሠለጥናለሁ። ስለዚህ የምነግርዎ ከኪችኑ በር ወዲያ ያለውን ነው።

መልሱን ባጭሩ ላስቀድም። በድምሩ አልተታለሉም። በሎብስተሩ ላይ የቤቱ ጥፋት አለበት፤ ትንሽ ደግሞ የእርስዎም። በመስተንግዶው ግን የከፈሉበትን አላገኙም። ከሦስቱ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ምክንያቱም ለዋጋው በቂ ምክንያት አለ፤ ለመስተንግዶው የለም።

ከድምሩ እንጀምር። በትልልቆቹ ሆቴሎችና ሬስቶራንቶች የሜኑ ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ዋጋ አይደለም። መጀመሪያ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ (የመስተንግዶ ክፍያ) ይጨመራል። 12,400 ላይ 1,240 ሲጨመር 13,640 ይሆናል። ከዚያ ቫት 15 በመቶ ይመጣል። የሚሰላው ደግሞ ሰርቪስ ቻርጁ በተጨመረበት ላይ ነው። የ13,640 ብር 15 በመቶ 2,046 ነው። ድምሩ 15,686። ቤቱ አንድ ሳንቲም አልተሳሳተም። ብዙ ሰው 10 እና 15 ሲደመር 25 በመቶ ነው ብሎ ያስባል፤ ሲጠራ 26.5 በመቶ ነው። ሜኑው ግርጌ በጥቃቅን ፊደል «ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅን አይጨምርም» ይላል፤ ወይም ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ተደርጎ ይታለፋል። እኔ ራሴ ያንን መስመር አሳንሰው እንዲያትሙት ከታዘዙት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ይቅር ይበለን። ለወደፊቱ ሜኑውን ሲያነቡ ከእያንዳንዱ ዋጋ ላይ ሩቡን ጨምረው ያስቡ፤ እውነተኛው ዋጋ እዚያው ግድም ነው።

አሁን ወደ «ለምን ይህን ያህል ይወደዳል?» እንምጣ። አልጠየቁኝም፤ ግን የንዴትዎ ግማሽ እዚያ ስለሆነ ልመልሰው።

አገራችን ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ የባሕር በር የላትም። አዲስ አበባ ላይ ሳህን ውስጥ የሚያዩት ሽሪምፕ ወይ በአውሮፕላን መጥቷል፣ ወይ በማቀዝቀዣ መኪና ከጅቡቲ ተጉዟል። የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፤ ከዚያም ጨመረ። ስለዚህ ከውጭ የሚገባ ዓሣ በዶላር ዋጋው ምንም ሳይነቃነቅ በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ላዩ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ አለ። የማቀዝቀዣ ቤት አለ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ፤ የቀዘቀዘ ዓሣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበትና። ጄኔሬተሩ የሚጠጣው ነዳጅ የዚያ ሲ ባስ ዋጋ ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

ከዚያ ብክነቱ አለ። ይህንን ደንበኛው አያየውም። የበሬ ሥጋ ለመግዛት ሲሄዱ አጥንቱ ብዙ ከሆነ ይከራከራሉ። ዓሣ ግን ተፈጥሮው ራሱ ብክነት ነው። የራሳችን ቆሮሶ እንኳ፣ ያ ከዝዋይ የሚመጣው፣ አንድ ኪሎው ሲገፈፍና አጥንቱ ሲወጣለት የሚተርፈው ንጹሕ ሥጋ ሲሶው ያህል ነው። ሎብስተር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ከጠቅላላ ክብደቱ ሥጋ የሚሆነው ከሩብ እስከ ሲሶ ነው። ስለዚህ ከእርስዎ 700 ግራም ውስጥ የበሉት ከ175 እስከ 230 ግራም ነው፤ የቀረው ቅርፊት ነው። ሩብ ብቻ ነበረ ብንል አንድ ኪሎ የሎብስተር ሥጋ በ36,000 ብር ገዙ ማለት ነው። ይህንን የነገርኩዎት ላናድድዎ አይደለም። ክብደት ሲነገርዎ «በጥሬው ነው ወይስ ከበሰለ በኋላ? ከነቅርፊቱ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ነው።

ሽሪምፕ ላይ ሌላ ነገር አለ። የቀዘቀዘ ሽሪምፕ እንዳይደርቅ በስስ በረዶ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። በረዶው ሲበዛ አንድ ኪሎ የተባለው ካርቶን ሲቀልጥ አንድ ኪሎ አይሆንም። ጥሩ ገዢ ያውቀዋል፤ አቅልጦ ይመዝናል። ግዴለሽ ገዢ የከሠረውን ከእርስዎ ሳህን ላይ ሁለት ፍሬ ቀንሶ ያካክሳል። ትልልቁን ሽሪምፕ ያዘዘ ሰው ስንት ፍሬ እንደሚመጣ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። በንግዱ ዓለም ሽሪምፕ የሚሸጠው በቁጥር ነው፤ ካርቶኑ ላይ 16/20 ካለ በአንድ ፓውንድ ከ16 እስከ 20 ፍሬ አለ ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ፍሬው ይተልቃል።

ይህን ሁሉ ስነግርዎ ለቤቱ ጠበቃ የቆምኩ እንዳይመስልዎ። አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ።

ሲ ባስዎ ከላይ የሚፋጀው፣ መሃሉ ቀዝቃዛ የሆነው፣ ሳህኑም ውሃ ያቆረው ለምን ይመስልዎታል? እኔ እዚያ አልነበርኩም። ግን በዚህ ሥራ ለቆየ ሰው ምልክቱ ግልጽ ነው። ኦርደርዎ ሲገባ ዓሣው ፍሪዘር ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ተኝቶ ነበር። አወጡት፣ ቧንቧ ሥር አደረጉት፣ ሲቸኩሉ ሳይቀልጥ እሳት ላይ ጣሉት። ያ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አብዛኛው ማብሰያ አልነበረም፤ በረዶ ማቅለጫ ነበር። በትክክል የሚሠራ ኪችን የነገውን ዓሣ ዛሬ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ያወርዳል፤ ቀስ ብሎ ያድራል፣ ጠዋት ይጠረጋል፣ ይቆረጣል። ይህ ቅድመ ዝግጅት ነው። የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን የሚያስብ ሰው ነው።

ታዲያ ለምን አልተዘጋጀም? እዚህ ጋ ስለ ከተማችን አንድ እውነት ልናገር። ሎብስተርና ሽሪምፕ እዚህ ብዙ አይሸጥም። ዋጋው ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ብዙ ሰው በእምነቱ አይበላውም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ክንፍና እንደ ዓሣ ያለ ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ ርኩስ ተብሏልና፣ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አምባዛን እንኳ የማይነካ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ በሳምንት ውስጥ ስንት ሎብስተር እንደሚሸጥ ማንም አያውቅም። የማይታወቅ ነገር አይዘጋጅም። ፍሪዘር ውስጥ ይከርማል። በአንጻሩ ቆሮሶ በየቀኑ ይገባል፣ በየቀኑ ያልቃል፤ በሁዳዴማ ወረፋ ነው።

ይኸው ነገር አስተናጋጁንም ይነካዋል። ባለፈው አንድ ቡድን ሳሠለጥን 14 አስተናጋጆች ነበሩ። ሁሉም የባሕር ምግብ በሚሸጡ ቤቶች የሚሠሩ ናቸው። «ሽሪምፕ ቀምሶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ» አልኩ። ሦስት እጅ ወጣ። አንዷ ጭራሽ በስመአብ አለች። አልፈርድባትም፤ እምነቷ ነው። ግን ያልቀመሰውን ምግብ የሚሸጥ ሰው ቢያንስ ሊነገረው ይገባል። ምን እንደሚመስል፣ ከምን ጋር እንደሚቀርብ፣ ቅርፊቱ በምን እንደሚሰበር፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ። ይህ የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው። የእርስዎ አስተናጋጅ ሳቅ ብሎ የሄደው ንቆዎት አይመስለኝም። አያውቅም፤ «አላውቅም» ማለት ደግሞ ፈራ። ሳቁ የፍርሃት ሳቅ ነው። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ እንዲሉ፣ እኔ እሱን ሳይሆን ዩኒፎርም አልብሶ ያለ ሥልጠና ወደ ጠረጴዛዎ የላከውን ኃላፊ ነው የምወቅሰው። የሚችለው አስተናጋጅ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ቋንቋ ሲያውቅ፣ ሦስት ሳህን በአንድ እጅ መያዝ ሲችል ዱባይ ወይም ዶሃ ይሄዳል። የቤቶቹ ባለቤቶች ይህንን እንደ ሰበብ ያነሱታል። ግን ደመወዙን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

የሎብስተሩን ዋጋ በተመለከተ፣ «የዕለቱ ዋጋ» ማለት ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በሌላውም አገር የተለመደ ነው፤ ዋጋው ስለሚዋዥቅና ክብደቱ ስለሚለያይ ነው። ግን ሕግጋት አሉት። አስተናጋጁ ሳይጠየቅ ዋጋውን መናገር አለበት። ጥሬውን በሳህን አምጥቶ ማሳየት፣ ክብደቱን መንገር፣ «ይህ 6,300 ይሆናል፣ ላሠራው?» ብሎ ማስፈቀድ። ይህ አልተደረገልዎትም። የቤቱ ጥፋት ያልኩት ይህንን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል።

የእርስዎስ ጥፋት? ይሉኝታ ነው። ባለቤትዎ ፊት «ስንት ነው?» ማለት ከበደዎት። እኔ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። 22 ዓመት ስሠራ ዋጋ የጠየቀ እንግዳ ንቄ አላውቅም። ዋጋ የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያላቸውና ብዙ ቦታ የበሉ ሰዎች ናቸው። ሳይጠይቅ የሚያዘው ነው ኪችን ውስጥ የሚወራበት። አዎ፣ እናወራለን።

ዓሣው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲያገኙት ያኔውኑ መናገር ነበረብዎት። የምግብ ቅሬታ ዕድሜው አጭር ነው። አንድ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ከተናገሩ ማንም አይከራከርዎትም። ግማሹን ከበሉ በኋላ ግን «ጥሩ ነበር ማለት ነው» ይባላል። ለአስተናጋጁ ሳይሆን «እባክህ ሱፐርቫይዘሩን ጥራልኝ» ይበሉ። ድምፅ ማሰማት አያስፈልግም። «ምግቡ ጥሩ አይደለም» አይበሉ፤ ያ አከራካሪ ነው። «ዓሣው መሃሉ አልበሰለም፣ እዩት» ይበሉና በሹካ ከፍተው ያሳዩ። ቀጥሎ የሚፈልጉትን ራስዎ ይናገሩ፤ ይቀየር ወይስ ከሒሳብ ይውጣ? እንግዳው የሚፈልገውን ካልተናገረ ቤቱ አንድ ቁራጭ ኬክ በነጻ ልኮ ይገላገላል። ያንን ኬክ ስንቱን ጊዜ እንደላክሁት!

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄ ነው። ክርክር ካለ የካሽ ሬጅስተሩ (የፊስካል) ደረሰኝ ሳይወጣ በፊት ያንሱት። መጀመሪያ የሚያመጡልዎት ወረቀት ብዙውን ጊዜ ማሳያ ቢል ነው፤ እሱ ላይ መስመር መሰረዝ ለካሸሩ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የፊስካል ደረሰኙ አንዴ ከታተመ ግን ሽያጩ ተመዝግቧል። መመለስ የማይቻል አይደለም፤ ግን ደብዳቤ፣ ፊርማ፣ ማብራሪያ ይመጣል። በዚያ ሰዓት ማናጀሩ ጥፋቱን ቢያምንም «በሚቀጥለው ሲመጡ እንክስዎታለን» ይላል። የሚለው ክፋት ኖሮት ሳይሆን ማሽኑን ፈርቶ ነው። ስለዚህ ማሳያ ቢሉን ተረጋግተው ያንብቡት። የሎብስተሩ ክብደት ተጽፏል? ያላዘዙት ዳቦ ወይም ውሃ አለ? ካርድዎን የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ቲፕስ? ሰርቪስ ቻርጅ ከፍለዋል፤ 1,240 ብር። ከዚያ በላይ ዕዳ የለብዎትም። በብዙ ሆቴሎች ሰርቪስ ቻርጅ በወሩ መጨረሻ ለሠራተኛው በነጥብ ይከፋፈላል፤ ኪችኑም፣ እቃ አጣቢውም ድርሻ አለው። ይህንን የማያደርሱ ቤቶችም አጋጥመውኛል፤ አንዱ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ጥሩ ያስተናገደዎትን ልጅ ማመስገን ከፈለጉ በእጁ ይስጡት። አፍረው ግን አይስጡ። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ብለው የሰጡት ቲፕ ለዚያ ልጅ የሚያስተምረው ያ ሳቁ እንደሚያዋጣ ነው።

አንድ ጥርጣሬ ላንሳና ልለፍ። የበሉት በእርግጥ ሲ ባስ ነበር? ይህ በዓለም ሁሉ ያለ ችግር ነው። በአሜሪካ ኦሺያና የተባለው ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት 1,215 የዓሣ ናሙና መርምሮ 33 በመቶው ስሙና ዝርያው አይገናኝም ብሏል። እኛም ጋ ከጫሞ ሐይቅ የመጣ ናይል ፐርች በሲ ባስ ስም ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያሳዝነው ናይል ፐርች ግሩም ዓሣ መሆኑ ነው። «የእስያ ሲ ባስ» ከሚባለው ባራመንዲ ጋር የአንድ ወገን ዝርያ ናቸው። በራሱ ስም፣ በራሱ ዋጋ ቢሸጥ ማን ይጠላው ነበር? ማወቅ ከፈለጉ «ሙሉውን ከነጭንቅላቱ ልታሳዩኝ ትችላላችሁ?» ይበሉ። ሙሉ ዓሣ አይዋሽም። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ ከሆነ፣ ጉንጩ ሲገለጥ ውስጡ ቀይ ከሆነ ደህና ነው። የገረጣና ወደ ውስጥ የገባ ዓይን ካዩ ዶሮ ይዘዙ።

«በረዶ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ብቻውን አይጠቅምም። በረዶ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም። መርከብ ላይ በተያዘ በሰዓታት ውስጥ የቀዘቀዘ ዓሣ፣ «ትኩስ» እየተባለ አምስት ቀን ከዞረው ይሻላል። መጠየቅ ያለብዎት «ከፍሪዘር የወረደው መቼ ነው?» ብለው ነው። ዛሬ ጠዋት ወይም ትናንት ማታ ካለዎት ጥሩ። ዞር ዞር ብሎ ሌላ ሰው ከፈለገ መልሱን አግኝተዋል።

አሁን ምን ያድርጉ? ደረሰኙን ካልጣሉት ለሥራ አስኪያጁ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ የጠረጴዛውን ቦታ። ሦስት ነገር ብቻ ያንሱ፦ የሎብስተሩ ዋጋ አስቀድሞ አልተነገረኝም፣ ሲ ባሱ መሃሉ አልበሰለም ነበር፣ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ስንጠብቅ ማንም ምክንያቱን አልነገረንም። ስለ ሾርባውና ስለ ሙዚቃው አይጻፉ፤ ነገር ሲበዛ ዋናው ይጠፋል። የሲ ባሱን ዋጋ መመለስ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሎብስተሩን ሙሉ ዋጋ ግን አያገኙትም፤ በልተውታልና። ጆሮ ዳባ ልበስ ካሉ የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። እኔ ግን እዚያ ሳይደርስ ያልቃል ባይ ነኝ፤ ውድ ቤቶች በጽሑፍ የመጣ ቅሬታ ያስፈራቸዋል።

ለ11ኛው ዓመት ደግሞ አንድ ቀን አስቀድመው ይደውሉ። «ነገ ማታ ሎብስተር ይኖራችኋል?» ብለው ይጠይቁ። «ሁሉም ነገር አለ፣ ይምጡ ብቻ» ካለዎት ይተዉት። «ነገ የለንም፤ ሐሙስ ነው የሚገባልን» ያለዎት ቤት ላይ የሐሙስን ጠረጴዛ ያስይዙ። ዋጋውንም እዚያው በስልክ ይጠይቁ፤ ባለቤትዎ አይሰሙም።

ወይም ዝዋይ ውረዱ። 160 ኪሎ ሜትር ነው። ሙሉ ቆሮሶ ተጠብሶ፣ ሎሚና ዳጣ ቀርቦ፣ በእጅ ይበላል። እንዴት እንደሚበላ የሚጠይቅም የሚስቅም የለም።